«ልቀቀው» ያልተባለባቸው ዓመታት

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ፣ የመጣ ቀን ምድር ቤት የምትኖረው ጎረቤታችን ደረጃው ሥር ቆማ «ተለቀቀ! ውሃ ተለቀቀ!» እያለች ትጣራለች። ያን ጊዜ ሕንጻው በጄሪካንና በባልዲ ኳኳታ ይናወጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ባልዲዬ አልሮጥም። ማድ ቤቴ ጥግ ወዳለው ቧንቧ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። ቧንቧው እያጉረመረመ፣ አየሩን እየተነፈሰ ቀስ ብሎ ከሞላ «ጎሽ፣ እጅህ ይባረክ» እላለሁ። ዷ ብሎ ግድግዳውን እየመታ ከመጣ ደግሞ የከፈተውን ሰው፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ፣ እሰድበዋለሁ፤ ከዚያ ጌታ ይቅር ይበለኝ እላለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሻል እኮ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ግን ጆሮዬን ምን ላድርገው?

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ውሃ በመክፈትና በመዝጋት ነው። ይህን ስናገር ሰው ቆጣሪ አንባቢ የነበርኩ ይመስለዋል። አይደለም። በከተማው መሬት ሥር በሚሄደው የውሃ መስመር ላይ በየቦታው ቫልቭ አለ። ቫልቭ ማለት የውሃ በር ነው። እኛ በብዛት የምንሠራበት ዓይነት በውስጡ የብረት መዝጊያ አለው፤ ዘንጉ ሲጠመዘዝ መዝጊያው እየወረደ ውሃውን ያግዳል፣ ወደ ሌላው በኩል ሲዞር እየወጣ ያሳልፈዋል። ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ እኛ አስፋልት ላይ ቆመን፣ ጫፉ ላይ ሁለት እጀታ ባለው ረጅም የብረት ቁልፍ ከላይ እናዞረዋለን። ሥራው ይኸው ነው። በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ለመማር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ራሴ ነኝ የማውቀው።

ስሜ ዘነበች ነው። ለውሃ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤታችን ስገባ «ዘነበች መጣች፣ ዣንጥላ ያዙ!» ያላለኝ ሰው የለም፤ የመጨረሻው ዓመት ድረስ አልሰለቻቸውም። ወላጆቼ ከሆሳዕና መጥተው ኮተቤ የሰፈሩ ናቸው፤ አባቴ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን እኔ በቀን ሠራተኝነት ቦይ እቆፍር ነበር። ከዓመት በኋላ ቋሚ ሠራተኛ ሲፈለግ፣ ጉልበቴን ያየ አንድ ፎርማን ስሜን አስገባልኝ። ደመወዙ ከቀን ሥራው ብዙም አይሻልም ነበር። ቱታና ጫማ ግን ይሰጡ ነበር፤ ለእኔ የደረሰኝ የወንድ ጫማ ሆኖ እግሬ እንደ ጀልባ ውስጡ ይንሳፈፍ ነበር።

የተመደብኩት ጋሽ ወርዶፋ ዘንድ ነው። ጋሽ ወርዶፋ የካ ተራራ ሥር ተወልደው ያደጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ጋቢ ከትከሻቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ቱታውን ከሥር ይለብሱና ጋቢውን ከላይ ይደርቡበታል። ከኮተቤ እስከ እንጦጦ እግር ድረስ ያለውን መስመር የያዙት እሳቸው ነበሩ። ሴት ተመደበችብኝ ብለው ያኮርፋሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላኮረፉም። አንድ ጉድጓድ ከፍተው ቁልፉን ሰጡኝና «ዝጊው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ላሳያቸው ብዬ በኃይል ስጠመዝዘው፣ እጄን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉኝ።

«ሱታ» አሉኝ።

ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። «ውሃው ከተራራ እየሮጠ የመጣ ነው። በሩን ፊቱ ላይ ድርግም ስታደርጊበት ይናደዳል፤ ተመልሶ ቧንቧውን ይመታዋል። ደካማውን ቦታ ፈልጎ ያፈነዳዋል። ሱታ።»

ያን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማሁት! ሠራተኛው በሙሉ ወላይታውም፣ ጎንደሬውም፣ ጉራጌውም «ሱታ» ማለት ለምዶ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ሙሉጌታ፣ ሙሌ የምንለው፣ አሮጌዋን ፒካፕ ቁልቁል ሲያበራት ከኋላ ተቀምጠን በአንድ ድምፅ «ሱታ!» እንለው ነበር።

የጋሽ ወርዶፋን አመል ሁሉ ብጽፍ አልጨርሰውም። የጉድጓድ ክዳን ሲከፍቱ ወዲያው ሥራ አይጀምሩም፤ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው «ይተንፍስ» ይላሉ፤ የታመቀው መጥፎ አየር እስኪወጣ። ሲዘጉ ያንጎራጉራሉ፤ ሁልጊዜ ያችኑ አንዲት የሠርግ ዜማ። ዜማዋ ቀርፋፋ ናት፤ እጃቸውም እሷን ተከትሎ ይዞራል። ዘግተው ሲጨርሱ የቁልፉን እጀታ መንጋጭላቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ውሃ በመዝጊያው ሥር እያፈተለከ ከሆነ በብረቱ በኩል አጥንታቸው ድረስ ይሰማቸዋል። እኔም ሞክሬው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የጥርሴን ሕመም እንጂ ምንም አልሰማሁም። በኋላ ግን አንድ ቀን እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ ሰማሁና ጮህኩ። ጋሽ ወርዶፋ እንደ ሠርገኛ እልል አሉልኝ።

አንድ ሌላ ዘዴ ነበራቸው፤ ይህኛውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። መዝጊያው በደንብ አልገጥም ሲል፣ ሥሩ ጠጠር ወይም አሸዋ ተቀምጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጉልበት አይጨምሩም። ይልቅ መልሰው ጥቂት ይከፍቱታል፤ ውሃው ፏ ብሎ አሸዋውን ጠርጎ ይሄድና እንደገና ሲዘጉት ልክክ ይላል። «አፉን አጥቤለት ነው» ይላሉ።

ለቫልቮቹ ስም ያወጡላቸውም እሳቸው ናቸው። በየሰው ደጃፍ ስለሆኑ በባለቤቱ ስም ይጠሯቸዋል። አቶ ደምሴ አሉ፣ ሼህ ኑሪ አሉ፣ ፓስተሩ አሉ፣ እትዬ ብርቄ አሉ። በሰው ፊት ይህን ስናወራ ጉድ ነው። «ፓስተሩን ዛሬ ጠዋት ከፍቼዋለሁ፣ ሼህ ኑሪን ግን ዝገት ይዞታል» ስንባባል የሰማ የታክሲ ተሳፋሪ ፊቱን አዙሮ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ የምታስቸግረን እትዬ ብርቄ ነበረች። ቫልቯን ማለቴ ነው። ባለ ስሟ እትዬ ብርቄ ከኮተቤ ዋና መንገድ ወደ ተራራው ስትወጡ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ድምፃቸው ሰፈር የሚያዳርስ ሴት ነበሩ፤ በስማቸው ቫልቭ መኖሩን አያውቁም።

ያኔ ስልክ የለንም። መስመር ሲሰበር አንዱ ላይኛው ቫልቭ ዘንድ ጫካው ውስጥ ይቆማል፣ ሌላው ታች ሰፈር ውስጥ ይቆፍራል። እንዴት ነው የምንግባባው? በጋሽ ወርዶፋ ጋቢ ነው። ታች ሆነው ጋቢውን ከፍ አድርገው ካውለበለቡ ክፈት፣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ከያዙት ዝጋ። እኔ ላይ ባሕር ዛፎቹ መካከል ቆሜ ያችን ነጭ ነገር በዓይኔ እፈልጋለሁ። ጉም በወረደ ቀን ጉሙ ገለጥ እስኪል ሥራ አንጀምርም ነበር። የሚያስቀው ነገር፣ በዚያ ሁሉ ዓመት በጋቢ አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

ከዚያ ሞባይል መጣ። አለቃችን ሁለት ስልክ ከመሥሪያ ቤት ሲያስመጡልን በደስታ ዘለልን። ከዚያ በኋላ ማን ጉም እስኪገለጥ ይጠብቃል? ያዘው፣ ልቀቀው እየተባባልን ሥራ ቀለለ። የእኛ ሰው ውሃን ይይዘዋል፣ ይለቀዋል እንጂ ይዘጋዋል፣ ይከፍተዋል አይልም። «ውሃ ለቀቁ ወይ?» ነው የሚለው። እኛም እንደ ሕዝቡ ነበር የምንናገረው።

ያ ክፉ ቀን የመጣው ስልኩን በደንብ በለመድንበት ጊዜ ነው። ከእትዬ ብርቄ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ ዋናው ቧንቧ ተሰነጠቀ። ላይኛው ቫልቭ ዘንድ የሚቆመው ባልደረባችን ታሞ ነበርና ሹፌሩን ሙሌን ላክነው። ሙሌ ስንዘጋና ስንከፍት ስንት ጊዜ አይቷል፤ ጋሽ ወርዶፋም ይወዱታል። ዘጋው። እኔና ጋሽ ወርዶፋ ቦዩ ውስጥ ገብተን የተሰነጠቀውን ክፍል ቆርጠን አወጣነውና አፋፉ ላይ አስቀመጥነው። አዲሱን ልንገጥም ስንል ግን ከላይ የሚመጣው ውሃ ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ይንጠባጠባል።

ጋሽ ወርዶፋ ደወሉ። «ሙሌ፣ ያንጠባጥባል። ትንሽ ጨምረህ ያዘው።»

የሙሌ ድምፅ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። «ጋሽዬ፣ አልሄድም አለኝ እኮ! እጀታው ላይ ብረት ሰክቼ ልጫነው?»

ጋሽ ወርዶፋ ደነገጡ። ያ ቫልቭ አሮጌ ነው፤ ዘንጉ ከተሰበረ ሰፈሩ በሙሉ ውሃ አያገኝም። «አይ፣ አይ! እንዳትጫነው! ልቀቀው!» አሉት።

«ልልቀቀው?»

«አዎ፣ ልቀቀው አልኩህ!»

ስልኩን ዘጉ። ተወው፣ እጅህን አንሳ ማለታቸው ነበር። እኔም የሰማሁት እንደዚያ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ቆሜ ሌላ ምን ልሰማ እችላለሁ? ሙሌ ግን ቦዩ ውስጥ አልነበረም። እሱ ያለው ቫልቩ ዘንድ ነው። መዝጊያው አልገጥም ብሏል፣ ጋሽ ወርዶፋ እንዳትጫነው ብለዋል፣ ልቀቀው ብለዋል። ዘዴያቸውንም ያውቃል። አፉን ሊያጥቡለት ነው፣ ከቦዩ ወጥተው ነው የሚያዙኝ ብሎ አሰበ። ደግሞ ላረጋግጥ ብሎ ጠይቋል፤ አዎ ተብሏል። ጥቂት ሊከፍተው ሲያዞረው፣ ያ ሲለመን የነበረ ብረት በአንዴ ተነቅሎ ወደ ላይ ሄደ። መልሶ ሊያወርደው ቢታገል እምቢ አለው።

እኛ የሰማነው ነፋስ ነው። ከቧንቧው አፍ መጀመሪያ አየር ወጣ። ጋሽ ወርዶፋ ያን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ቀና ብለው አዩኝና በሁለት እጃቸው ከታች ገፍተው አወጡኝ። እሳቸው ለመውጣት ሲሉ ውሃው ደረሰ። አፋፉ ተናደ፤ ቆርጠን ያስቀመጥነው ከባድ ቧንቧ ተንከባሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ውሃው ቦዩን ሞልቶ ቁልቁል ወደ እትዬ ብርቄ ግቢ ገባ። የጭቃ ግድግዳቸው ሆዱ እየተነፋ ሲመጣ በዓይኔ አየሁት።

እትዬ ብርቄ ከሱቃቸው ብር ብለው ወጡ። ግድግዳቸውን አዩ፣ ጋሽ ወርዶፋን አዩ። «ግድግዳው ገደል ይግባ! ሰውየውን ያዙት!» ብለው ጮኹ። ራሳቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው አንድ ክንዳቸውን ያዙ፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ ጎረቤቱም ተረባርቦ ቧንቧውን አነሳልን። ከኋላችን ግድግዳው ሲወድቅ ሰማን። እትዬ ብርቄ ዞር እንኳ አላሉም።

የጋሽ ወርዶፋ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሙሌ ሮጦ ወርዶ ያን ሲያይ መንገድ ላይ ተቀምጦ ራሱን በጡጫ መታ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ምርመራ ተደረገ። ሙሌ ይባረራል የሚል ወሬ ነበር። ገና በዚያው ሰሞን የተመደበችልን ኃላፊ ኢንጂነር ሕይወት ነበረች፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም ያልቆየች፣ ዝምተኛ፣ ሰው እስኪጨርስ የምታዳምጥ ልጅ። ጋሽ ወርዶፋ በክራንች መጥተው «ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው፤ ልጁን ተዉት» አሉ። ሙሌ ተነስቶ «የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌውን አታስቸግሯቸው» አለ። ሁለቱ ጥፋቱን ሲሻሙ ስብሰባው ግራ ገባው። ኢንጂነር ሕይወት ንግግሩን ቃል በቃል ደግመው እንዲነግሯት ጠየቀች። ነገሯት። ጽፋ ደግማ አነበበችውና፣

«እኔም ብሆን እከፍተው ነበር» አለች።

ሙሌ በማስጠንቀቂያ ታለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ «ያዘው» እና «ልቀቀው» ማለት ተከለከለ። ዝጋ፣ ክፈት፣ አትንካው። ሦስቱ ብቻ። የሰማው ሰው የታዘዘውን ሥራ መልሶ ይናገራል፣ ቦዩ ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩም ይነገረዋል። ቀላል ነገር ነው። ለእኛ ግን ቋንቋ እንደመማር ነበር፤ ስንቴ ምላሳችን ላይ እየመጣብን ዋጥነው! የእትዬ ብርቄን ግድግዳ መሥሪያ ቤቱ አሠራላቸው፤ ጭቃውን ረግጠን ያቦካነው እኛው ነን። እትዬ ብርቄ ከላይ ቆመው «እዚያ ጋ ጭድ ጨምሩ፣ ውሃ ብቻ ነው እንዴ የምታውቁት?» ይሉን ነበር።

የጋሽ ወርዶፋ እግር ዳነ፤ ትንሽ ማንከሱ ቀረ። ሥራ ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ቁልፍ አልነካም አሉ። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተው ቡሎን ሲለቅሙና ሲደረድሩ ይውላሉ። ጋሽዬ፣ ሼህ ኑሪ አስቸግሮናል፣ መጥተው ይዩልን ስላቸው እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን አጥብቄ ብለምናቸው፣

«ዘነቤ፣ እኔን የሰበረኝ ቧንቧው አይደለም፤ አፌ ነው። ሰው ሁሉ ሱታ እያልኩ አስተምሬ፣ እኔ በአንድ ቃል ቸኮልኩ። አንቺ እዚያ ቦይ ውስጥ ብትቀሪ ኖሮ ለልጅሽ ምን እላት ነበር?» አሉኝ።

ሥራውን ከእሳቸው ወርሼ ብሠራም እጄ ባዶ ባዶ ይለው ነበር። እዚያ ጨለም ያለ ግምጃ ቤት ውስጥ ጡረታቸውን እየጠበቁ እንዲያልቁ አልፈለግሁም። ሙሌም እንደዚያው። ከእሱ ጋር መኪና ውስጥ ስንሄድ ወሬያችን ሁሉ እሳቸው ነበሩ፤ ለምነናል፣ ሽማግሌ ልከናል፣ እኔ በጸሎት ይዣቸዋለሁ። እምቢ አሉ።

ያዳነን ነገር ባላሰብነው በኩል መጣ። ክረምት መግቢያ ላይ እኔ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ለባልደረባዬ በስልክ «ብርቄ ደግሞ ማፍሰስ ጀምራለች፤ አርጅታለች፣ መቀየር ሳይኖርብን አይቀርም» እያልኩ ነበር። ዞር ስል እትዬ ብርቄ ከኋላዬ ቆመዋል፤ የቆጣሪ ጉዳይ ይዘው መጥተው ነው።

«ማናት የምታፈሰው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢሮው በሙሉ ሳቁን ለማፈን ወረቀት ውስጥ ገባ። ምን አማራጭ አለኝ? እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው፤ ደጃፍዎ ላይ ያለው ቫልቭ ነው፣ ስሙን ያወጡት ጋሽ ወርዶፋ ናቸው፣ ክፋት የለውም አልኳቸው። እትዬ ብርቄ ቆጣሪውን ረሱት።

«የት አሉ እሳቸው?»

ወደ ግምጃ ቤቱ መራኋቸው። ጋሽ ወርዶፋ ሲያዩዋቸው ብድግ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አፍረው በሰፈራቸው እንኳ አያልፉም ነበር።

«ስሜን ሲሰጡት አላስፈቀዱኝም» አሉ እትዬ ብርቄ። «ግድግዳዬን ሲጥሉትም አላስፈቀዱኝም። አሁን ግን እኔ ላስቸግርዎ። አርጅታለች እየተባልኩ ነው፤ ይቀየር እየተባለ ነው። በስሜ ያለውን ነገር የማላውቀው ሰው አይነካብኝም። ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ያድኑኝም እርስዎ ነዎት። ይነሱ።»

ጋሽ ወርዶፋ የያዙትን ቡሎን አስቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቁ ነው። እየሳቁ ዕንባቸው ወረደ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እያነከሱ፣ መኪናው ድረስ እትዬ ብርቄን ተከትለው ሄዱ። ሙሌ ሮጦ በሩን ከፈተላቸው።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ ክዳኑን ከፈትኩ። ጋሽ ወርዶፋ ጠርዙ ላይ ተቀመጡና «ይተንፍስ» አሉ። ጠበቅን። ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ቁልፉን ሰጠኋቸው። እጀታውን መንጋጭላቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ብርቄ ልክ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ።

«ጤነኛ ናት» አሉ ጋሽ ወርዶፋ። «ውሃ እንዳይወጣ ዘንጓ ዙሪያ የሚጠቀጠቀው ገመድ ነው ያለቀው። እንቀይርላታለን።»

«ብዬ ነበር!» አሉ እትዬ ብርቄ።

ሊዘጉት ማዞር ሲጀምሩ ያች የሠርግ ዜማ ከአፋቸው ወጣች። እኔ ፊቴን ወደ መኪናው አዞርኩ። ሙሌ መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ያለቅሳል።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ወርዶፋ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቁልፋቸውን አልጣሉም። ልቀቀው የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን ከአፋቸው አልሰማሁም። በሥራ ላይማ ሁላችንም አንለውም፤ እሳቸው ግን በቤታቸውም ትተውታል። ለበዓል በግ ሲገዙ ቀንዱን ጠምዝዞ የያዘውን ነጋዴ «እጅህን ከበጉ ላይ አንሳ» ይሉታል። ሙሌ መኪና ውስጥ መዝሙር እንዲያሰማቸው ሲፈልጉ «ቴፑን አስጀምረው» ይላሉ። ያ ሁሉ ቀልደኛ ሠራተኛ በዚህ አንድም ቀን አልቀለደባቸውም።

ዓመታት ሄዱ። ጉርድ ሾላ የባቡሩ ሐዲድ ሲሠራ መስመራችን ሁሉ ከቦታው ተነሳ፤ አቶ ደምሴ በአንድ ጀምበር መንገድ መሐል ተገኙ፣ ቫልቩን ማለቴ ነው፣ በብዙ መከራ አወጣናቸው። ከዚያ ወደ አያት መስመር ተዛወርኩ። ቫልቭ ተከፍቶ ሳለ ሁለት ሕንጻ ውሃ አጥቶ ሕዝቡ ቢሮአችንን ሊያፈርስ ሲደርስ፣ ኢንጂነር ሕይወት ካርታውን ይዛ ከእኔ ጋር ፀሐይ ላይ ዋለች። ቧንቧው አናት ላይ አየር ታምቆ ነበር፤ አየሩን የሚያስወጣው ትንሽ ቫልቭ በአጥር ሥር ተቀብሯል። እሷ በካርታው እዚህ ጋ ነው አለች፣ እኔ በጆሮዬ እዚያ ጋ ነው አልኩ፤ የተገኘው መሐላችን ነበር። ስንስቅ ዋልን። ያችን ቫልቭ «ሕይወት» አልናት፤ ተቃውሞ አላቀረበችም።

በሥራዬ የመጨረሻ ቀን የምሠራውን የመረጠችልኝ ኢንጂነሯ ናት። ያ እንጦጦ ሥር ጫካው ውስጥ ያለው አሮጌ ቫልቭ፣ ጋሽ ወርዶፋን የሰበረው፣ በአዲስ ተተክቶ ነበር። መጀመሪያ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ማለዳ ወደዚያ ወጣሁ። ባሕር ዛፎቹ ጠል አርግዘው ነበር። ጥቂት ቆይቶ የሙሌ መኪና እያቃሰተች መጣች። ሙሌ ወርዶ ከጎኑ ያለውን በር ከፈተ፤ ጋቢ ወጣ፣ ከጋቢው ጋር ጋሽ ወርዶፋ ወጡ። በጣም አርጅተዋል። አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው።

ስልኩ ጮኸ። ከታች ኢንጂነር ሕይወት ናት። «እትዬ ዘነበች፣ ቦዩ ውስጥ ሰው የለም። ይክፈቱ።»

«ሰው የለም። እከፍታለሁ» አልኩ፤ እንደ ደንባችን።

ቁልፉን ያዝኩ። አልከፈትኩም። ይህን ካዞርኩ በኋላ የማዞረው ነገር እንደሌለ ታወቀኝና ክንዴ ከበደኝ። ነፋሱ ቅጠሉን ያንሿሿል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

«ዘነቤ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ ከድንጋያቸው ላይ። «ልቀቂው።»

ሙሌ እንደተወጋ ሰው ዞረ። «ኧረ ጋሽዬ!» አለ። እኔም ደንግጬ አየኋቸው። ስንት ዓመት ያልሰማሁት ቃል ነው። እሳቸው ግን ፈገግ ብለዋል፤ ጥርሳቸው ያለቀ አፋቸው እንደ ሕፃን ሆኗል።

«ጋሽዬ፣ ውሃውን ነው ቁልፉን?» አልኳቸው።

«ውሃውን» አሉ። «ሱታ።»

አዞርኩት። ከድንጋዩ ላይ ያች የሠርግ ዜማ ተጀመረች፤ ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ፍጥነቷ ግን ያው ነው። እጄ ተከተላት። መጀመሪያ ቧንቧው አየሩን ተነፈሰ፣ ከዚያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሞላ። እጀታውን መንጋጭላዬ ላይ አስደገፍኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ውሃው ቁልቁል ወደ ኮተቤ፣ ወደ እትዬ ብርቄ ደጃፍ ሲሄድ አጥንቴ ውስጥ ሰማሁት። አንድም ቦታ አልመታም። ዜማዋ አለቀች፤ እኔ ግን እጀታውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

«አሁን ደግሞ ቁልፉን» አሉኝ።

ለቀቅኩት።